ቀለም ያልተገኘለት ምልክት

ሰው ብቻውን ሐይቅ ላይ ሆኖ አደጋ ቢደርስበት በምን ይጣራ? ይህችን አጭር ጥያቄ ለመመለስ ናዝሬት፣ በዛሬ ስሟ አዳማ፣ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን ከምሳ በኋላ የጀመርነው ስብሰባ እስኪመሽ ድረስ አላለቀም ነበር። ለልጆቼ ስተርክላቸው ይስቃሉ። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ያን ዕለት ግን የሚጠፋው ወይም የሚተርፈው የእኔ ነፍስ ስለነበረ፣ ሳቅ ከእኔ ሩቅ ነበር።

ሥራዬ ውሃ መለካት ነው፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስም ከዚህ ሥራ አልተለየሁም። አዋሽ በየክረምቱ የሚያወርደው ደለል ቆቃ ግድብ ላይ ይተኛል። የሐይቁ ሆድ ምን ያህል እንደሞላ ለማወቅ ውሃውን ከዳር እስከ ዳር በመስመር ከፋፍዬ፣ በየነጥቡ በገመድ የታሰረ ከባድ የእርሳስ ብረት እየጣልኩ ጥልቀቱን እንድመዘግብ ታዘዝኩ። የሞተር ጀልባ ነበረን፤ ቤንዚን ግን በኩፖን የሚታደልበት ዘመን ስለነበረ ለእኛ የሚደርሰው ለመኪናዎቹም አልበቃም። በግድቡ ላይ ያለችው የጥበቃ ጀልባ አንድ ጀሪካን ነዳጅ ተቀምጦላት ነበር፤ እሱም ለብርቱ ጉዳይ ካልሆነ አይነካም።

በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ ከላንጋኖ መጣ። ሐይቁ ዳር ከነበሩት መዝናኛዎች በአንዱ፣ ከአብዮቱ በፊት የውጭ አገር ሰዎች ይንሸራሸሩባት የነበረች፣ በኋላም የተወረሰች ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ በጓሮ ተደፍታ ዶሮ ይፈለፈልባት ነበር። እሷን ተረከብን። የቦታው የቀድሞ ጀልባ ጠባቂ በላንጋኖ ደፍራሳ ውሃ ላይ እያመላለሰ ነፋስን በሸራ መያዝና መልቀቅ አስተማረኝ። ትምህርቱ ቀላል አልነበረም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ከያዝኩ በትክክል እይዛለሁ፤ ይህንም ጀልባ ጠባቂው መስክሮልኛል። ቆቃ ላይ ስንሞክራት ግን እርሳሱ፣ ገመዱና የመሣሪያው ሣጥን ቦታ ያዙ፤ ሁለተኛ ሰው ሲጨመር የጀልባዋ ጠርዝ ከውሃው ጋር እኩል ሆነ። ስለዚህ የምወጣው ብቻዬን እንደሆነ ታወቀ።

ሥራ አስኪያጃችን በዕድሜ ታላቄ የሆኑ፣ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። በስብሰባ ላይ «ጓድ» እላቸዋለሁ፤ ከስብሰባ ውጭ «ጋሼ»። እሳቸውም በስብሰባ ላይ የሚናገሩትና ከስብሰባ ውጭ የሚናገሩት እንደዚሁ የተለያየ ነበር። የአደጋ ምልክት ተመርጦ በስብሰባ ካልጸደቀ ከዳር እንዳልንቀሳቀስ አዘዙ። ግድቡ የመብራት ኃይል የሚመነጭበት በመሆኑ በጦር መሣሪያ ይጠበቃል፤ በሐይቁ ላይ የሚታይ ማንኛውም ያልታወቀ ምልክት ለጥበቃው የጠላት ምልክት ነው። ስለዚህ በስብሰባው ላይ የመሥሪያ ቤታችን ካድሬና የግድቡ ጥበቃ አለቃ ተገኙ። ካድሬው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ፈጣን፣ እንቅልፍ ያጣ ፊት ያለው ሰው ነው። የጥበቃውን አለቃ ሁላችንም በማዕረጋቸው «ባሻ» እንላቸዋለን፤ ጢማቸው የሸበተ፣ የአርሲ ሰው፣ አማርኛና ኦሮምኛ እንደ ሁለት እጃቸው እኩል የሚታዘዙላቸው፣ ዕድሜያቸውን ተገን አድርገው የፈለጉትን የሚናገሩ አሮጌ ወታደር ነበሩ።

ከጀልባዋ ጋር የመጣውን የቆርቆሮ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩ። በላስቲክ የተጠቀለሉ የምልክት ርችቶች ነበሩበት፤ ክራቸው ሲሳብ ወደ ሰማይ ወጥተው ቀይ ብርሃን ይበትናሉ።

«የመጀመሪያው አማራጭ ይህ ነው» አልኩ።

ባሻ አንዱን አንሥተው መዘኑት። «ከሐይቁ ወደ ሰማይ የሚወጣ ነገር ስናይ ትእዛዛችን አንድ ነው፤ ወደ ወጣበት መተኮስ። ይህን ልጅ ያኔ የሚገድለው ውሃው አይሆንም።»

ሣጥኑ ተዘጋ፤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ካዝና እንዲገባም ተወሰነ።

መስታወት አቀረብኩ። ፀሐይ ሲያርፍበት ከሩቅ ያንጸባርቃል፤ ነዳጅም ክርም አይፈልግም።

«ለማን ነው የሚያንጸባርቀው?» አለ ካድሬው። «ማዶ ያለው ማነው?»

«ማዶ ያሉት ጉማሬዎች ናቸው ጓድ» አሉ ባሻ።

ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ለወጠው። መስታወቱ ወደቀ። ፊሽካም የአብዮት ጠባቂዎች መጥሪያ ነው ተብሎ ወደቀ፤ ደግሞም የቆቃ ነፋስ ድምፅን ወደ ፈለገው አቅጣጫ ነው የሚወስደው። የቀረው ጨርቅ ነበር። ካድሬው ፊቱ በራ።

«ቀይ ጨርቅ! ቀይ ከሩቅ ይታያል፤ የአብዮታችንም ቀለም ነው።»

«ጓድ፣ ባለፈው በዓል ግድቡ ላይ የሰቀልነው ጨርቅ ቀለሙ ምን ነበር?» አሉ ባሻ።

«ቀይ።»

«እንግዲህ ይህ ልጅ ውሃ ውስጥ ሆኖ ቀይ ቢያውለበልብ እኛ ምን እናደርጋለን? ግራ እጃችንን አንሥተን 'ይውደም!' እንላለን። እሱም ይወድማል።»

ካድሬው ባሻን ትክ ብሎ አያቸው፤ ባሻ ጢማቸውን ዳበሱ። ሥራ አስኪያጁ በማያስፈልግ ጥንቃቄ እስክሪብቷቸውን ከደኑ።

ነጭ ጨርቅ እጅ የመስጠት ምልክት ነው፤ አብዮታዊ ሠራተኛ አያውለበልበውም። ጥቁር ኀዘን ነው፤ «ለማን ነው የምናዝነው?» የሚል ጥያቄ ያስነሣል። አረንጓዴ ሐይቁን ከሸፈነው እምቦጭ አይለይም። ቢጫ አልኩ። ጨርቅ የሚታደለው በቀበሌ ሱቅ እንደሆነና የመጣው ካኪ ብቻ እንደሆነ የንብረት ክፍሉ ሰው አስረዳ። ቀለም ሁሉ ባለቤት አግኝቶ ነበር፤ ለእኔ የተረፈ አንድም አልነበረም።

ያኔ ነው ነገሩን ገልብጬ ያሰብኩት። ለችግር ምልክት ካልተፈቀደልኝ ለደኅንነት ምልክት ልስጥ። በየመለኪያው ነጥብ ስደርስ ጀልባዋ እንዳትንሸራተት ሸራውን ማውረድ ግዴታዬ ነው፤ ለክቼ ስጨርስ ደግሞ መስቀል። ስለዚህ ሸራው ከወረደ በኋላ ከተሰቀለ ደኅና ነኝ፤ ሳይሰቀል ከቆየ ደኅና አይደለሁም። የሚውለበለብ፣ የሚያንጸባርቅ፣ የሚተኮስ ነገር የለም።

«ምን ያህል ከቆየ?» አለ ካድሬው።

«አንድ ሲጋራ አጭሼ ጨርሼ ሁለተኛውን እስክለኩስ» አሉ ባሻ። «ከዚያ ካለፈ ጀልባችንን አስነሣለሁ።»

የሚደግፍ እጁን እንዲያወጣ ተጠየቀ። ካድሬው ከሁሉም ቀድሞ አወጣ፤ ሌሎቻችንም ተከተልን። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ያን ምሽት ለባለቤቴ በዝርዝር አስረዳኋት። በሐሳቤ ደስ ብሎኝ ስለነበረ ትንሽ ሳልኮራበት አልቀረሁም። እሷ የመጀመሪያ ልጃችንን አቅፋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«ሸራው ሳይሰቀል ሲቀር የሚያየው ማነው?» አለች።

«ጥበቃው ነው።»

«ጥበቃው ስም የለውም?»

«ባሻ ናቸው። ተወስኗል እኮ፤ ሁሉም እጁን አውጥቷል።»

«የወጣ እጅ ይወርዳል» አለችና ሕፃኑን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች።

በሥራው መጀመሪያ ቀን ልጇን አዝላ አብራኝ ቆቃ ድረስ መጣች። አፈርኩ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ሚስቱን አስከትሎ ሥራ አይወጣም። ባሻ ከግድቡ የጥበቃ ማማ ሥር ሲጋራቸውን ይዘው ቆመው፣ ሸራዬን እየተመለከቱ፣ «አንተ ባለ አንሶላ! ቤት አንጣፊ አጥተህ ነው ውሃ ላይ ልታነጥፍ የመጣኸው?» ብለው ተቀበሉኝ። ባለቤቴ የወለንጪቲ ልጅ ናት፤ በኦሮምኛ ለታላቅ በሚቀርብ ሰላምታ «አካም ቡልተን» አለቻቸው። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ፤ ኮፍያቸውን አነሡ፣ የልጁን ጤና ጠየቁ፣ የአባቷን አገር ጠየቁ። ከዚያ እሷ ነጠላዋን አስተካክላ፦

«ባሻ፣ አደራ» አለች።

አደራ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ቃል ነው፤ ክብደቱም አንድ ነው።

«የምን አደራ እቴ?»

«የሰው።»

ባሻ ሲጋራቸውን ጥለው ረገጡት። ወደ ሐይቁ ተመለከቱ። «የመንግሥት ትእዛዝ እቀበላለሁ፤ ብስት እቀጣለሁ፣ ያበቃል። አደራ ግን እንዲህ አይደለም። ሌላ ሰው ፈልጊ ልጄ።»

«ሌላ ሰው ጠፍቶ አይደለም እርስዎ ዘንድ የመጣሁት።»

እኔ በበኩሌ በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ነገር ተመልሶ ሲለመን ማየቱ ከነከነኝ። በመጨረሻ ባሻ፣ «ተቀብያለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን የተበደረ ሰው ድምፅ ነበር።

ሥራው ተጀመረ። ሸራ አወርዳለሁ፤ እርሳሱን እጥላለሁ፤ እርሳሱ ጭቃ ሲነካ በእጄ ላይ የሚሰማኝን ልዝብ ንክኪ ጠብቄ ልኩን አነባለሁ፤ ሸራ እሰቅላለሁ። ከማማው ሥር ያለችውን ነጥብ የምታህል ጥቁር ጥላ ከሩቅ አይቼ ባሻ መሆናቸውን እገምታለሁ። ጠዋት ጠዋት ውሃው የተኛ ነው፤ ከእኩለ ቀን በኋላ ከሜዳው የሚነሣው ነፋስ ይመጣል። እስከዚያ ድረስ ወደ ዳር እመለስ ነበር። እንዲህ እያደረግሁ ብዙውን የሐይቁን ክፍል ጨረስኩ።

አንድ ጠዋት ከመሥሪያ ቤቱ መኪና ስወርድ ሥራ አስኪያጁ ቆቃ ድረስ መጥተው ጠበቁኝ። እንዲህ አድርገው አያውቁም። ከግድቡ መጋዘን ጀርባ ወሰዱኝና በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አኖሩ። ሳልፈታው አወቅሁት፤ ከካዝናው የወጣ ርችት ነበር።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ ተከልክሏል።»

«እኔ አልሰጠሁህም፤ አንተም ከእኔ አልተቀበልክም» አሉ። «ዛሬ ከሰዓት በፊት ግድቡ ላይ የድጋፍ ስብሰባ ተጠርቷል። ጥበቃውም ሠራተኛውም በሙሉ ይሰበሰባል። ማማው ላይ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ወታደሮች ብቻ ይቀራሉ፤ እነሱ ስለ አንተ ሸራ የሚያውቁት ነገር የለም።»

«እንግዲያው ዛሬ ልቅር።»

«ዘመቻ ላይ ነን፤ በዕቅድ የተያዘ ቀን ነው። ብትቀር ለምን ቀረህ የሚለው ጥያቄ ለአንተ ብቻ አይመጣም። እኔ 'ቅር' የማለት አቅም የለኝም። ያለኝ አቅም ይህ ነው» ብለው ወደ ጋዜጣው በአገጫቸው አመለከቱኝ። ያን ርችት ብተኩስ ከማን እንዳገኘሁት መጠየቄ አይቀርም፤ ካዝናው ደግሞ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው።

ርችቱን ከቡሽ በተሠራው የመንሳፈፊያ ሰደሪያዬ ውስጥ አኖርኩና ወደ ባሻ ሄድኩ።

«ባሻ፣ ዛሬ ስብሰባ አለ ይባላል።»

«አለ።»

«እና?»

«እና ምን? አንሶላህን ስቀል።»

ወጣሁ።

የዚያን ዕለት ነፋሱ ቀጠሮውን አላከበረም። ከሩቁ መስመር ላይ ነበርኩ፤ ግድቡ ከዚያ ሲታይ ውሃ ላይ እንደተጋደመ እንጨት ቀጭን ነው። ለክቼ ጨርሼ ሸራውን ገና እንደሰቀልኩ የውሃው ፊት በአንድ በኩል ጠቆረ። ላንጋኖ ላይ የተማርኩትን አደረግሁ፤ ገመዱን ለቅቄ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ልመልስ መሪውን ገፋሁ። መሪው አልዞረም። የእምቦጭ ሥር ከሥሩ ተጠምጥሞበት ነበር። ጀልባዋ ጎኗን ለነፋሱ ሰጥታ አንድ ጊዜ አቃሰተችና ተገለበጠች።

ከውሃው በላይ ስወጣ ሸራው ከሥሬ እንደ ትልቅ ዓሣ ተኝቷል። የመሣሪያው ሣጥን ሰምጧል። ተንጠላጥዬ የጀልባዋ ሆድ ላይ ወጣሁና በደረቴ ተኛሁ። መልሼ ላቃናት ሞከርኩ፤ ውሃ የጠጣው ሸራ ከእኔ ይከብዳል፤ እንደገና ሞክሬ እጄ ከዳኝ። የሸራዬ መውረድ የሚያውቅ ሰው ካየው ምልክት ነው፤ ካላየው ደግሞ ምንም አይደለም።

ከግድቡ አቅጣጫ የድምፅ ማጉያ ይሰማል። ነፋሱ አንዳንዴ ያመጣዋል፣ አንዳንዴ ይመልሰዋል። ቃሉ አይለይም፤ አንድ ሰው ይናገራል፣ ከዚያ ብዙ ሰው ባንድነት ይመልስለታል። ሁሉም እዚያ ነው ማለት ነው። ከማማው ሥር ያለችውን ጥቁር ነጥብ ፈለግሁ። አልነበረችም።

እጄ ወደ ሰደሪያዬ ገባ። ጋዜጣው ርሷል፤ ርችቱ ግን በላስቲኩ ውስጥ ደረቅ ነበር። የክሩን ቀለበት ጣቴ ላይ አጠለቅሁት። ብስበው ቀዩ ብርሃን በድጋፍ ስብሰባ ላይ ለቆመ ሕዝብ ሁሉ ይታያል። ማማው ላይ ያሉት ሁለቱ ወታደሮች ትእዛዛቸው የታወቀ ነው። ከዚያ ርቀት ይስቱኝ ይሆናል፤ ሥራ አስኪያጁን ግን የሚስታቸው የለም። ባልስበው ደግሞ ነፋሱ ወደ ማዶ፣ ጉማሬዎቹ ወዳሉበት እምቦጭ እየገፋኝ ነው። አንዱ ከሩቅ አፍንጫውን አውጥቶ ነፋና ተመልሶ ገባ። በኋላ የት እንደሚወጣ ባለማወቄ እግሬን ከውሃው ሰበሰብኩ።

ያኔ ያሰብኩት ስለ ሞት አልነበረም፤ ስለ አንድ ቃል ነበር። ባሻ «ተቀብያለሁ» ብለዋል። ጠዋት ደግሞ ስብሰባ እንዳለ ሲነግሩኝ «አላይህም» አላሉም፤ «አንሶላህን ስቀል» ነው ያሉት። አደራ የተቀበለ ሰው መጠበቅ ባይችል ኖሮ ይናገር ነበር። ይህ ክርክር ጠንካራ ይመስለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ይፈርስብኛል። ሰው ነውና ተገዶ መድረክ ፊት ቢቆምስ? ቢረሳስ? ቀለበቱን እስኪወጠር ድረስ ሳብኩት። መልሼ አላላሁት። ደግሞ ሳብኩት። የድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ፤ ሕዝቡ ጮኸ፤ እንደገና ተናጋሪው ቀጠለ። ሲጋራ የማላጨስ ሰው ነኝና አንድ ሲጋራ ምን ያህል እንደሚቆይ በትክክል ሳልጠይቅ መቅረቴ ቆጨኝ።

የማዶው እምቦጭ ጀልባዋን መንካት ሲጀምር ከጀርባዬ አንድ ነገር ሲያስል ሰማሁ። የጥበቃው ጀልባ ሞተር ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ሳይነሣ ቆይቶ የሚያስል ሞተር። ባሻ ብቻቸውን ነበሩ፤ ኮፍያቸው የለም፤ ከንፈራቸው ላይ ግማሹ የተጨሰ ሲጋራ አለ።

«አንሶላህን ለምን አራስከው?» አሉ።

ጥርሴ ይንገጫገጫል። ክንዴን ይዘው ወደ ጀልባቸው ጎተቱኝና «ሂንሶዳቲን፣ ሂንሶዳቲን» አሉኝ፤ ሕፃን የሚያባብሉ ይመስል አትፍራ፣ አትፍራ። ከዚያ ቡጢዬን አዩ። ጣቶቼ ርችቱ ላይ ደርቀው ነበር። አንድ በአንድ ፈቷቸው፤ ቀለበቱን በጥንቃቄ አወለቁ።

«ይህ በእጅህ ነበረ፤ ለምን አልሳብከውም?»

«አደራ ስላለ።»

ባሻ ርችቱን አገላብጠው አዩት። ወደ ማማው ተመለከቱ። «እነዚያ ሁለቱ ማማው ላይ የተመደቡት ከትናንት ወዲያ ነው» አሉ ዝግ ብለው። «ትእዛዝ ብቻ ነው የሚያውቁት። በደንብም ይተኩሳሉ፤ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።» ርችቱን መልሰው ሰደሪያዬ ውስጥ ከተቱልኝ። «ይህን አላየሁም። ዓይኔ ደክሟል።»

ዳር ስንደርስ ካድሬው ከሁለት ሰዎች ጋር ቆሞ ነበር። ወደ እኔ እንኳን አልተመለከተም።

በስብሰባው ላይ የሆነውን የነገሩኝ የመጋዘኑ ሠራተኞች ናቸው። ባሻ ከሰልፉ ጫፍ፣ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አድርገው ቆመዋል። ካድሬው ከመድረኩ ላይ፣ «ባሻ! መድረኩ በዚህ በኩል ነው!» ብሎ በማጉያው ተናገራቸው። «አውቃለሁ ጓድ፤ ጆሮዬ እዚያው ነው» ብለው መለሱ። ትንሽ ቆይቶ በድጋፍ ስብሰባ መካከል፣ በሕዝብ ፊት፣ ሲጋራ ለኮሱ። ይህን ያየ ሁሉ ደነገጠ። አጭሰው ጨረሱ። ሁለተኛውን ለኮሱ፤ ልክ መፈክሩ ሲጀመር፣ ሁሉም ግራ እጁን እንዳነሣ፣ ከሰልፉ ወጥተው ወደ ጀልባው ሄዱ። የግድቡ ሰው ሁሉ በኋላ በሹክሹክታ ሲነጋገርበት የከረመው ያን ሁለተኛ ሲጋራ ነው።

በማግስቱ መሥሪያ ቤታችን ተሰበሰብን፤ ያው ክፍል፣ ያው ጠረጴዛ። የቀረበው ክስ ከድጋፍ ስብሰባ መፈክር እየተሰማ ጥሎ መውጣት የሚል ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ክስ መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው አይታወቅም። ባሻ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ለምን እንደወጡ ሲጠየቁ፣ «አደራ ነበረብኝ» አሉ። ካድሬው፣ «አደራ የፊውዳል ቋንቋ ነው» አለ። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቷቸውን ከደኑ።

እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ተናግሬአለሁ፤ እንደዚያ ዕለት ቃሌን የመረጥኩበት ጊዜ ግን የለም።

«ጓዶች፣ ሸራ ወርዶ ሳይሰቀል ከቆየ ጥበቃው ጀልባ እንዲያስነሣ በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ በሙሉ ድምፅ ወስነናል። ልኩም ተነግሯል፤ አንድ ሲጋራ ተጭሶ ሁለተኛው እስኪለኮስ። ባሻ የወጡት በራሳቸው ፈቃድ አይደለም። ያዘዝናቸው እኛ ነን። እጃችንን ያወጣን ሁሉ።»

ማን ቀድሞ እጁን እንዳወጣ መናገር አላስፈለገኝም፤ ሁሉም ያስታውሳል። ካድሬው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ቀኝ እጁን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ፊቱ ላይ ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ያየሁት ግን ድካም ነበር፤ ምናልባትም እፎይታ። የመውጫ በር የከፈትኩት ለባሻ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለእሱም ነበር።

«ምልክቱ በጉባኤ የጸደቀ ከሆነ ባሻ የጉባኤውን ውሳኔ ፈጽመዋል» አለ በመጨረሻ። «ሲጋራው ግን ሥነ ሥርዓት የጎደለው ነው።»

ለሲጋራው ባሻ ከግድቡ ተነሥተው አቦምሳ እህል መጋዘን እንዲጠብቁ ተዛወሩ። በዚያ ዘመን ከዚህ የቀለለ ቅጣት አላውቅም።

ከስብሰባው ስንወጣ ሥራ አስኪያጁን ኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን አገኘኋቸው። ሰው አለመኖሩን አይቼ በአዲስ ጋዜጣ የጠቀለልኩትን ነገር እጃቸው ላይ አኖርኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ አልሰጡኝም፤ እኔም አልመለስኩልዎትም።»

ጋዜጣውን በጣታቸው ዳበሱት። ክሩ እንዳልተሳበ ሲያውቁ ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ እስኪረጋጉ ድረስ አብሬያቸው ቆምኩ።

ባሻ ወደ አቦምሳ ከመሄዳቸው በፊት ናዝሬት ቤታችን መጡ። አልተቀመጡም። ባለቤቴ ልጁን እንዳቀፈች በር ላይ ተቀበለቻቸው። ባሻ ትከሻዬን ይዘው ወደ እሷ ገፋ አደረጉኝና፦

«አደራሽን ተረከቢ» አሉ። «ቁጠሪው፤ እጅም እግርም ሙሉ ነው። ትንሽ ረጥቦ ነበር፤ ደርቋል።»

እሷ ግን አልሳቀችም። ከእግር እስከ ራሴ በእውነት አየችኝ፤ ከዚያ ዝቅ ብላ፣ «ተረክቤያለሁ ባሻ። ገለቶማ» ብላ አመሰገነቻቸው። እሳቸውም ሸክም እንዳወረደ ሰው ትከሻቸውን ሰብቀው ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው አቀኑ።

ሐይቁ ገና አላለቀም፤ የማዶው መስመሮች ቀርተው ነበር። ጀልባዋ ተጠግና ቀኑ ሲቆረጥ አዲስ የጥበቃ አለቃ መመደቡን፣ ስለ ሸራውም በጽሑፍ እንደተገለጸለት ለባለቤቴ ነገርኳት። ልጁን አዘለች፣ ነጠላዋን ከመስቀያው አወረደች፤ ጫማዬን አስሬ ሳልጨርስ እሷ ከበሩ ወጥታ ነበር። በዚህ ጊዜ አላፈርኩም።